የ1965 ወሰን፦ ስለ አሮጌ ቤዝ ጊታር ተረትና እውነታ

ቤዝ ጊታር በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ እንደ ቀኖና ጸንቶ የቆየ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም በካሊፎርኒያ የነበረው የፌንደር ፋብሪካ በጥር 1965 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ኩባንያ ከመሸጡ በፊት የሠራው መሣሪያ ሁሉ ምሉዕ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ነፍስ የተለየው እንጨት ነው የሚል ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ባለሙያ፣ እጁ የለመደውንና እንጀራ የሚበላበትን ደህና ቤዝ ሸጦ፣ በላዩም ተበድሮ፣ የ1963 ነው የተባለ መሣሪያ ከገዛ በኋላ፣ አንገቱ ከአንድ ዘመን፣ አካሉ ከሌላ፣ ፒክአፑም (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት) ከሦስተኛ የተለቃቀመ ሆኖ ስላገኘው፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ኃጢአት መስሎ ታየኝ። የፌንደር አንገት ከአካሉ ጋራ የሚያያዘው በብሎን ብቻ ስለ ሆነ እንዲህ ላለው ማጭበርበር መንገዱ ክፍት ነው፤ ማጭበርበሩን የሚመግበው ግን ዓመተ ምሕረቱን ከድምፁ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያ እምነት ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት የተወለደ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት ምርቱ ሲበዛ ጥንቃቄው እንደ ላላ፣ አንዳንዱም መሣሪያ ለትከሻ እንደ ከበደ፣ ጃዝ ቤዝ በተባለው የፌንደር ሞዴልም ላይ የአንገቱ ብሎን ከአራት ወደ ሦስት እንደ ወረደ የታወቀ ነው፤ ለብዙ ዘመን የተዳሰሰ አንገት ለጣት የሚሰጠው ምቾትም የሚካድ አይደለም። ሆኖም ከጥንቱ ምርት ተመርጦ እስከ ዛሬ የተጠበቀው ባለቤቱ የወደደው ነው፤ ያልተወደደው ተሰብሮና ተጥሎ ስለ ጠፋ፣ የተረፈውን ብቻ አይቶ ስለ ዘመኑ ሁሉ መመስከር ሚዛን የጎደለው ፍርድ ይሆናል። ዝነኛው የቤዝ ተጫዋች ማርከስ ሚለር ስሙን ያስጠራበት ጃዝ ቤዝ እኮ በዚያ በተናቀው ዘመን፣ በ1977 የተሠራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን የአሮጌ ቤዝ ነጋዴዎች የቤዝ ተጫዋቹን የጄምስ ጄመርሰንን ስም ለዋጋቸው ምስክር አድርገው መጥራታቸው ነው። ጄመርሰን በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ብዙ ዘፈን የቀረጸበት የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የ1962 ሥራ ነበረ፤ በእርሱ እጅ ሳለ ግን ገና አዲስ ስለ ነበረ፣ ዛሬ ስለ አሮጌነቱ የሚወደሰው ድምፅ በእውነቱ ከአዲስ እንጨት የወጣ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ የመጣው ለዓመታት ካልለወጣቸው ለስላሳ ጥምጥም ክሮቹ፣ በብሪጁ ክዳን ሥር ሆኖ ክሩን ከሚያፍነው ስፖንጅ፣ ከሁሉም በላይ ከዚያ አንድ ብቻውን ይሠራ ከነበረው የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን የቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስን እንመልከት፤ የእርሱም ጃዝ ቤዝ የ1962፣ የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነበረ፤ ነገር ግን ፍሬቶቹ (በአንገቱ ላይ ኖታዎቹን የሚለዩት የብረት ዘንጎች) ተነቅለው፣ ሰሌዳው ለጀልባ በሚሆን ኢፖክሲ ተቀብቶ፣ ሻካራ ጥምጥም ክር ስለ ተወጠረበት፣ በ1976 በስሙ ባወጣው አልበም ላይ እንደ ሰው ድምፅ ይዘምራል። አንዱ የታፈነና ወፍራም፣ ሌላው ጥርት ያለና የሚያንጎራጉር፤ የትውልድ ዘመናቸው አንድ ሲሆን ድምፃቸው ይህን ያህል ከተራራቀ፣ ምሥጢሩን በዓመተ ምሕረቱ ውስጥ መፈለግ ምን ይጠቅማል?

እንጨቱ ምንም ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የአንገቱ ንዝረት አንዳንዱን ኖታ ቶሎ እንዲሞት ስለሚያደርገው፣ በብዙ ፌንደሮች ላይ በቀጭኑ ክር አምስተኛው ፍሬት አካባቢ ድምፁ ሲደክም ይሰማል፤ ይህም ጉድለት በጥንቶቹም ዘንድ አለ። ድርሻው ምን ያህል ነው በሚለው ሊቃውንቱም አልተስማሙ። ፒክአፑ የሚሰማው ግን በማግኔቱ ፊት የሚንቀጠቀጠውን ክር ነውና፣ ክር መለወጥና የፒክአፑን ከፍታ ማስተካከል የሚያመጣውን ለውጥ ማንም በጆሮው ይመሰክረዋል።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ሐተታ አይሹም። የኤሌክትሪክ ቤዝን በመጀመሪያ የፈጠረው የፌንደር ፋብሪካ መሥራች ሊዮ ፌንደር ነው ይባላል፤ ነገር ግን በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ ፍሬት ያለውንና አግድም የሚያዘውን የኦዲዮቮክስ ቤዝ በ1930ዎቹ አጋማሽ ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ የፌንደር ክብር በ1951 ባወጣው በፕሪሲዥን ቤዝና ባለ 34 ኢንች የክር ርዝመቱ መሣሪያውን በዓለም ማስፋፋቱ ነው። አምስተኛው ክር ለታይታ ነው የሚሉም አሉ፤ ወፍራሙ የቢ ክር ግን ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል፣ ባለ አራት ክሩም ያለ ልዩ ቅኝት ከ41 ኸርዝ በታች አይደርስም።

ባትሪ የገባበት ቤዝ የጥንቱን ጥበብ ያረከሰ ነው የሚለውን ወቀሳ ግን የሚመልሰው ራሱ ሊዮ ፌንደር ነው፤ ፋብሪካውን ከሸጠ በኋላ በ1976 በሚዩዚክ ማን ኩባንያ ስም በወጣው በስቲንግሬይ ቤዝ ላይ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያና ማስተካከያ ገባበት፤ ከዚያም በጂ ኤንድ ኤል ፋብሪካ፣ በ1991 እስካረፈ ድረስ፣ በ1951 የጀመረውን መሣሪያ ፒክአፑንና ብሪጁን እየለወጠ ሲያሻሽል ኖረ።