የፋብሪካ የዳሽቦርድ ሰዓትን በአሮጌ ፒካፕ ላይ መግጠም

የፋብሪካ የዳሽቦርድ ሰዓት መግጠም ማለት ያለ ሰዓት ተሠርቶ በወጣ አሮጌ ፒካፕ መኪና ላይ፣ አምራቹ ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀውን ሰዓት በተመደበለት ቦታ ማስገባት ነው። በሙጫ ከሚለጠፍ የገበያ ሰዓት የሚለየው በልኩ የተሠራ ቦታ ስላለው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ብርሃኑ ከሌሎቹ የዳሽቦርድ መብራቶች ጋር አብሮ ይደበዝዛል። ሰዓቱን ቦታው ላይ ማስገባት ቀላል ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ከኋላው ያለው የሽቦ ሥራ ነው። በስሕተት የተያያዘ ሰዓት ባትሪ ጨርሶ መኪናውን ያስቆማል፤ መስመሩ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቦታው ለምን ባዶ ሆነ

ፒካፕ ለረጅም ዘመን የተሸጠው እንደ ሥራ መኪና ነው። እርሻ፣ ግንባታና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገዙት ርካሹን ዓይነት ስለነበር ሰዓትና ሬዲዮ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፈልባቸው ዕቃዎች ነበሩ። ዳሽቦርዱ ግን ለርካሹም ለውዱም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ፣ የሰዓቱ ቦታ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይቀራል። በአንዳንድ መኪኖች ከክዳኑ ጀርባ የሰዓቱ ሶኬት ጭምር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ስለዚህ ሰዓት ከመግዛት በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

የሰዓቱ ዓይነት

በኳርትዝ ከሚሠሩት በፊት የነበሩት የአሜሪካ መኪና ሰዓቶች ባለ ጥቅል ሽቦ ሞላ ነበሩ። ሞላው የሚያሠራው ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሲላላ ሁለት የብረት ነጥቦች ይነካካሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔትም ሞላውን መልሶ ያጠብቃል። ባትሪው ከደከመ ማግኔቱ ጉልበት ስለሚያጣ ነጥቦቹ ሳይለያዩ ይቀሩና ይቃጠላሉ። ከአሮጌ መኪና የሚወጡት እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ብዙዎቹ የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊታቸውንና ዘንጎቻቸውን አስቀርቶ ውስጣቸውን በኳርትዝ መተካት የተለመደ ነው።

ኋላ የመጡት ዲጂታል ሰዓቶች ጊዜ የሚቆጥሩት በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ነው። በመኪና ሰዓት ውስጥ ከሚገኙት ክሪስታሎች አንዱ በሰከንድ 4,194,304 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ 22 ጊዜ በሁለት ሲካፈል በትክክል አንድ ይሆናል፣ ያም አንድ ሰከንድ ነው።

ሽቦዎቹ

ዲጂታል ሰዓት ብዙውን ጊዜ አራት ሽቦ አለው። አንዱ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት ቋሚ ፖዘቲቭ ሲሆን ቆጠራውን ያስቀጥላል። ሦስተኛው ቁልፉ ሬዲዮ በሚያሠራው ደረጃ ላይ ሲሆን ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው፤ ቁጥሮቹን የሚያበራቸው እርሱ ነው። አራተኛው የመኪናው መብራት መብራቱን ለሰዓቱ ነግሮ ቁጥሮቹ በሌሊት ዓይን እንዳይወጉ ያደበዝዛቸዋል።

ጣጣው ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ቋሚው ከተረሳ ሰዓቱ መኪናው በጠፋ ቁጥር ከመነሻው ይጀምራል። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ከቋሚው ጋር ቢያያዙ ደግሞ ሰዓቱ የሚሠራ ይመስላል፣ ነገር ግን ቁጥሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ይበራሉ። ለምሳሌ ሲበራ 100 ሚሊአምፔር የሚወስድ ሰዓት በ10 ቀን 24 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህ የ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 40 በመቶ ነው። ቁጥሮቹ ጠፍተው 5 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስድ ግን በአንድ ወር ሙሉ የሚወስደው 3.6 አምፔር-ሰዓት ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚነዳ አሮጌ ፒካፕ ይህ ልዩነት ጠዋት በመነሣትና ባለመነሣት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የሽቦ ቀለም ማመን አይገባም፤ በአሮጌ መኪና ላይ ስንት እጅ እንዳለፈበት አይታወቅምና። እያንዳንዱ መስመር በቮልት መለኪያ ይፈተናል፦ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ከዚያ በሬዲዮ ደረጃ ላይ ሆኖ፣ በመጨረሻም መብራት በርቶ። ሶኬቱ ከሌለ ከሬዲዮው ጀርባ መፈለግ ይቻላል፤ የተቀመጠ ጣቢያ የማይረሳ ሬዲዮ ቋሚውንም ተቋራጩንም መስመር ይዟል። በአንዳንድ መኪኖች ማደብዘዣው የሚቆጣጠረው የኔጋቲቩን መስመር ስለሆነ አራተኛው ሽቦ ሳይለካ መያያዝ የለበትም።

የባትሪው ቮልትም መታወቅ አለበት። ብዙ የአሜሪካ ፒካፖች እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ 6 ቮልት ነበሩ፤ አንዳንድ ናፍጣ መኪኖች ደግሞ 24 ቮልት ናቸው። የ12 ቮልት ሰዓት በ24 ቮልት ላይ ሊቃጠል ይችላል።

አገጣጠም

ያገለገለ ሰዓት ከመኪናው ውጭ በ12 ቮልት ባትሪ ተሞክሮ ቢገዛ ጥሩ ነው፤ ከተቻለም ሶኬቱና አንድ ስንዝር ያህል ሽቦው አብረው ይቆረጡ። ሞቶ ወይም እየበራ እየጠፋ የተገኘ ዲጂታል ሰዓት ሁልጊዜ የሚጣል አይደለም። በሙቀት ብዛት የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ የተለመደ ብልሽት ነው፣ እንደገና ሲበየድም ብዙ ጊዜ ይድናል።

ሥራው ሲጀመር በቅድሚያ የሚፈታው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ቀድሞ ቢፈታ መፍቻው የመኪናውን አካል በነካ ጊዜ ብልጭታ ይፈጥራል። አዲስ ቋሚ መስመር ከተሳበ ለመነሻው ቅርብ በሆነ ቦታ ላይ የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ ይገባበታል። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አይመከርም፤ ፒካፕ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ይላቀቃል።

ሰዓቱን መሙላት

እነዚህ ሰዓቶች አብዛኛዎቹ 12 ሰዓት የሚቆጥሩ ናቸው፣ ለኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠርም ያለ ምንም ለውጥ ይስማማሉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት በመሆኑ 6 ወደፊት ቢቆጠርም ወደ ኋላ ቢቆጠርም የሚገኘው ቁጥር አንድ ነው፤ 7:00 የነበረው 1:00 ይሆናል። በ24 ሰዓት የሚቆጥር ሰዓት ግን እንዲህ አይመችም፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በ1:00 ቢሞላ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ 13:00 ያሳያል።