ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስልዎን ሳያሳዩ አይውጡ

«ከተሰፋሁ በኋላ ቁስሌን ያየልኝ የለም» የሚል ቅሬታ ከታካሚዎች በተደጋጋሚ እሰማለሁ። በቀዶ ጥገና የወለደች አንዲት እናት ፋሻዋ ሳይከፈት ወደ ቤቷ ተሸኘች። በ7ኛው ቀን ቁስሉ መግል ይዞ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች።

የቀዶ ጥገና ቁስል ሲያመረቅዝ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው፤ እስከ 30 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ሆስፒታል ለመድረስ መንገዱ ስለሚርቅ፣ ብዙዎች «እስከ ቀጠሮዬ ልታገስ» ይላሉ። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከተሰራጨ ግን ሕይወት ያሳጣል።

ከመውጣትዎ በፊት፦
• ቁስሉን ባለሙያ እንዲያይልዎ ይጠይቁ።
• የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ ፋሻው የሚቀየርበትንና ክሩ የሚፈታበትን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ።
• ምክሩን አስታማሚዎም አብሮ ይስማ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚመለሱት፦
• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
• መግል ወይም መጥፎ ሽታ
• እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት ወይም እብጠት
• የስፌት መከፈት
• ተደጋጋሚ ማስመለስ
• ከወለዱ በኋላ ብዙ ደም መፍሰስ

ሆስፒታሉ ከራቀ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፍልዎታል። ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም ቅጠል አያድርጉ፤ የተረፈ አንቲባዮቲክም በራስዎ አይውሰዱ።

እንክብካቤ ከተጓደለብዎ ለክፍሉ ነርስ ኃላፊ፣ መፍትሔ ካጡ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይንገሩ። መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም፤ ቅሬታ ስላቀረቡም ሕክምና ሊከለከሉ አይገባም።