የዕቃ ስምና የመብት ስም፦ በኮምፒዩተር ቃላት አሰያየም ላይ የቀረበ ማብራሪያ

1. መነሻ

ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ነገር ስም ሲፈለግ ሁለት መንገድ እንዳለ የታወቀ ነው። አንደኛው ቃሉን ከነድምፁ መዋስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአማርኛ ወይም ከግእዝ ሥር አዲስ ስያሜ ማውጣት፣ አለዚያም ለነባር ቃል አዲስ ፍች መስጠት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ረጅም ጊዜ የቆየ ነው። ይሁንና ጥያቄው በዚህ መልክ እስከ ቀረበ ድረስ መልስ የሚገኝለት አይመስለንም። ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ተጠቃሚው ከቃሉ ሌላ ነገሩን የሚያውቅበት መንገድ አለውን? የሚለው ነው።

ዐይን የሚያየውና እጅ የሚዳስሰው ነገር በውሰት ቃል ቢጠራ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ነገሩ ራሱ ፍቹን ያስተምራልና። መብትና ግዴታ ግን ከቃሉ በቀር ሌላ መታወቂያ ስለሌላቸው፣ ቃሉ ሲጨልም መብቱም አብሮ ይጨልማል። ይህን ሐሳብ ከኮምፒዩተር መስክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን።

2. ያለፈው ልምድ

መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬንና ባትሪ የተባሉት ቃላት ከአውሮፓ ቋንቋዎች ገብተው በአማርኛ ቤተኛ ሆነዋል። በእነዚህ ቃላት ባዕድነት ምክንያት መንገድ የሳተ ሾፌር የለም። በአንጻሩ በ1923 ዓ.ም. ለአገሪቱ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲወጣ ስያሜው ከግእዝ ተገኘ፤ ቃሉም ሕግንና መንግሥትን አጋጥሞ ስለሚናገር ሰሚው ጉዳዩ የምን እንደሆነ ከስሙ ይረዳል።

የቋንቋ ተቋማችን የራሱ ታሪክም ለዚህ ይመሰክራል። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ መርሐ ልሳን ተብሎ የተቋቋመው ድርጅት ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ። መልካም ሆኖ የተቀረጸው «መርሐ ልሳን» ቀረና የውሰቱ ቃል ጸና። ተቋም ግን ሕንፃና ሠሌዳ ያለው፣ ሠራተኞቹም የሚታወቁ ነገር ስለሆነ ውሰቱ ማንንም አላሳሳተም።

3. የላምበረት የቃላት ገበያ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መስመር የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ለእንዲህ ያለው ጥናት አመቺ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጣል። «ላም» እና «በረት» ተጋጥመው የተመሠረተ ስም ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ አውቶቡስ ሊሳፈር ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ላምም በረትም አይጠብቅም። ቦታው በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ስለሆነ ስሙ ከሥር ፍቹ ተላቆ መኖር ይችላል።

በአካባቢው ባሉት የስልክና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቆች የዕቃ ስም ሁሉ ውሰት ነው፤ ስክሪን፣ ቻርጀር፣ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ሃርድ ዲስክ ይባላል። ኮምፒዩተርን ቀማሪ ወይም አስሊ እንበለው የሚል ሐሳብ ቢሰነዘርም ከሱቅ ደጃፍ አላለፈም። ካነጋገርናቸው ጠጋኞች መካከል ኮምፒዩተር ፈታትቶ መገጣጠም እጅግ የሚወድ አንድ ወጣት፣ አሮጌ ማሽን ከመጣል ይልቅ ራሙን ማሳደግና የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በኤስ.ኤስ.ዲ. መተካት እንደሚበልጥ አጥብቆ ይከራከራል። ደንበኞቹ የኤስ.ኤስ.ዲ.ን ፍች አይጠይቁትም። ማሽኑ ሲከፈት ይፈጅ የነበረው ጊዜ ማጠሩን አይተው ይረዳሉ።

የድርጊት ቃላት ግን ከአገር ቤት የተገኙ ናቸው። በመናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡስ ረዳት ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል፤ የጭነት መኪናም እህል ያራግፋል። ከግቢው ውጭ በሱቁ ውስጥ ደግሞ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ፊልም ይወርዳል፣ ያልተፈለገ መተግበሪያ ይራገፋል። ግሦቹ በሁሉም ዘንድ የታወቀውን የጭነት ሥራ ስለሚያስታውሱ ያለ አስተማሪ ተለምደዋል። ተርጓሚ ሊጠነቀቅ የሚገባው «ጫን» ሶፍትዌርን፣ «ተጫን» ደግሞ ቁልፍን የሚመለከቱ መሆናቸውን እንዳይዘነጋ ብቻ ነው።

ይኸው ወጣት በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር ሁሉ ነፃ አይደለም የሚል አስተያየት አለው። ይህ አባባል ለቋንቋ ሰው ልብ የሚባል ነው። እንግሊዝኛ ዋጋ የማይከፈልበትንና አርነት ያለውን በአንድ ቃል ሲጠራ፣ አማርኛ በአንዲት መስተዋድድ ይለያቸዋል። «በነፃ» ያለ ክፍያ ማለት ሲሆን፣ «ነፃ» ከባለቤቱ ቁጥጥር የተላቀቀውን ያመለክታል። ስለዚህ ማንም እንዲመረምረውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ሶፍትዌር «ነፃ ሶፍትዌር»፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ የተጠቃሚውን መረጃ የሚሰበስበው ደግሞ «በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር» ቢባል ልዩነቱ በጥራት ይታያል።

4. ለዐይን የማይታየው

እስከዚህ ድረስ ውሰቱም ትርጉሙም ችግር አላመጣም። ችግሩ የሚጀምረው ጉዳዩ ከዕቃው ወጥቶ የሰውን የግል ሕይወት ሲነካ ነው። ጠጋኙ እንደሚያስረዳው ብዙ ሰው ስልኩን ለጥገና ሲሰጥ የመክፈቻ ቁጥሩንም ነግሮ ይሄዳል። ጥንቃቄ ሲመከርም «ምን ምስጢር አለኝ?» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ የቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን የቃል ጉዳይም ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም፤ ምስጢር፣ ገመና፣ ጓዳ የሚሉ ቃላት አሉት። ነገር ግን ምስጢር የሚደበቅ ነገር መኖሩን፣ ገመና ደግሞ ቢገለጥ የሚያሳፍር ነገር መኖሩን ያስቀድማሉ። የግል ሕይወት መብት ግን በመደበቅም ሆነ በኀፍረት ላይ የቆመ አይደለም። የራስ የሆነውን ለማንና ለምን ዓላማ እንደሚሰጡ የመወሰን ሥልጣን ነው። ሰው የሚደብቀው ነገር ባይኖረውም የራሱ የሆነ ነገር አለው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል። በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ላይ የተለመደው ቃል «ግላዊነት» ነው። ቃሉ በአመሠራረቱ ትክክል ቢሆንም «ግለኝነት» ከሚለው የነቀፋ ቃል ጋር ስለሚቀራረብ፣ ለሕዝብ በሚቀርብ ጽሑፍ የሕገ መንግሥቱን «የግል ሕይወት» ማስቀደም ይመረጣል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቃል «ዳታ» ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። በዕለታዊው አማርኛ ግን ዳታ ማለት የስልክ ኢንተርኔት ነው፤ «ዳታ አብራ»፣ «ዳታ አለቀብኝ» ይባላል። የአዋጁን ስም ብቻ የሰማ ሰው ጥበቃው ለገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «መረጃ» እንበል ቢባልም ቃሉ በመረጃና ደኅንነት አገልግሎት ስም ውስጥ የስለላን ሥራ፣ በ2000 ዓ.ም. በጸደቀው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ውስጥ ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን ያመለክታል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በበኩሉ ሦስተኛውን ቃል መርጧል። በአንድ አገር የሕግ ቋንቋ ውስጥ ዳታ፣ መረጃና ኢንፎርሜሽን ድንበራቸው ሳይለይ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ «ኩኪ» ነው። አንድ ድረ ገጽ ጎብኚው ተመልሶ ሲመጣ ለመለየት በአሳሹ ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ ጽሑፍ ነው። «ኩኪዎችን ተቀበል» የሚለውን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው በካፌ የሚያውቀውን ብስኩት ያስታውስ እንደሆነ እንጂ፣ ከኋላው የሚከተለው እንዳለ አይገነዘብም። «ዱካ» ቢባል ግን አዳኝም እረኛም የሚያውቀው ቃል ስለሆነ ጥያቄው ወዲያው ይገባዋል።

አራተኛው «አጥፋ» ነው። ያገለገለ ስልክ ወይም ሚሞሪ ካርድ የሚሸጥ ሰው ፎቶግራፎቹን አጥፍቻለሁ ብሎ ያምናል። በተራው አሠራር ግን ብዙውን ጊዜ የሚወገደው የፋይሉ ቦታ ምልክት ብቻ ሲሆን፣ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ሊቆይና በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። አማርኛ ለዚህ ሁለት ጥሩ ግሦች አሉት። የተሰረዘ ጽሑፍ መስመር ቢያልፍበትም ይነበባል፤ የተደመሰሰ ግን አይነበብም። እንግዲህ ለመጀመሪያው «ሰርዝ»፣ ፈጽሞ ለማይመለሰው «ደምስስ» ብንል ቃሉ ራሱ ሻጩን ያስጠነቅቀዋል።

5. ስለ አደራ

ከነባር ቃል የሚገኘው ጥቅም ግልጽነት ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የተሸከመው የግብረ ገብ ክብደትም አለ። «ጠለፋ» ለዚህ ምስክር ነው። ከልጃገረድ ጠለፋ ወደ አውሮፕላን፣ ከዚያም ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር የበደልነት ፍቹን ይዞ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ መግባትንና በመተላለፍ ላይ ያለን መረጃ መጥለፍን በተለያዩ አንቀጾች ሲያስቀጣ፣ ሕዝቡ ሁለቱንም ጠለፋ ይላቸዋል። የሕግ ተርጓሚ ሁለቱን መለየት አለበት፤ ድርጊቱ ነውር መሆኑን ግን ለማንም ማስረዳት አያሻውም።

በዚሁ ፈለግ፣ የሌላውን ሰው መረጃ ለተቀበለ ድርጅት «ባለአደራ»፣ ለመረጃው «ግለ መረጃ» የሚሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። ሁለተኛው «ግለ ታሪክ» በተባለው የጸና ቃል አምሳያ የተቀረጸ ነው። አደራ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአደራ ውል ተብሎ የታወቀ፣ በገጠርም በከተማም የሚከበር ቃል ነው። ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዟል፤ የተቀመጠው ነገር ባለቤት አስቀማጩ እንደሆነ፣ ተቀባዩ ለታሰበለት ጉዳይ ብቻ እንደሚጠብቀው፣ ሲጠየቅም እንደሚመልስ። አደራ በላ መባል ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ደግሞ ማንም ያውቃል።

የዚህ አስፈላጊነት እየጨመረ መሄዱን አንድ ምሳሌ ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት፣ ማለትም ፋይዳ፣ ሲመዘግብ የጣት አሻራን፣ የዐይን አሻራንና የፊት ምስልን ይወስዳል። የይለፍ ቃል ቢወጣ ይለወጣል፤ ዐይንና ጣት ግን አይለወጡም። እንዲህ ያለውን የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን አደራ መሆኑን ከቃሉ ሊያውቅ ይገባዋል።

የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አንዘነጋም። አዋጁ «ዳታ» ብሎ እያለ ሌላ ቃል ማምጣት ግራ ያጋባል ሊባል ይችላል። ሕግ በተጻፈበት ቃል መጠቀሱ ግዴታ ነው፤ እኛም አዋጁን በስሙ ጠርተናል። የምንለው በማብራሪያ ጽሑፍ፣ በስልክ ገጽና በስምምነት ቅጽ ላይ ተጠቃሚው የሚያነበው ቃል ለእርሱ የሚናገር ይሁን ነው። የባለአደራ ክብደት በሕግ ከተጣለው ግዴታ ይበልጣል የሚል ቢኖርም፣ መልሱን የሕግ ባለሙያዎች ከቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው ሊወስኑት የሚገባ ነው።

6. ማጠቃለያ

ለተርጓሚዎች የምንመክረው መመዘኛ አጭር ነው። ቃሉ የሚጠራው ነገር በጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ከሆነ ሕዝቡ በለመደው ውሰት ይጠራ፤ ራምን ለመተርጎም የሚደክም ጉልበት ለሌላ ይዋል። ድርጊት ከሆነ ከነባሩ ሥራ ግስ ይፈለግለት። መብት ወይም ግዴታ ከሆነ ግን ያልተማረች እናት ሲነበብላት «እንዲህ ከሆነስ አልፈቅድም» ለማለት የሚያስችላት ቃል እስኪገኝ ድረስ ፍለጋው አይቋረጥ። «ፍቀድ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም የሚኖረው መከልከልም የሚቻል መሆኑ ሲገባ ነው።