ደብተሩ የሞላ ልጅ ሁሉ ተምሯል?

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሚዛን አማን ገበያ ላይም ሆነ ቴፒ መናኸሪያ አካባቢ፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያለው ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሳው ደብተሩን ነው። «ደብተሩ ሞልቷል፣ ጽሑፉም ያምራል» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በእኔ እይታ ከተሳሳቱት እምነቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመዘዙ ናቸው። ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ የእጅ ሥራ ነው። ልጁ የፊደሉን ቅርጽ አሳምሮ ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን ላያነበው ይችላል።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ ከክፍል ወደ ክፍልም የሚዛወሩ ነበሩ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ በአብዛኛው ሳይደግም ያልፍ ስለነበር፣ «ክፍል አልፏል» ማለት «ማንበብ ችሏል» ማለት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ደነገጠ፤ ጣት የተቀሰረው ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። መነሻው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማንም ባልፈተሸው የንባብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

ወላጅ ቤቱ ሆኖ ይህን ማጣራት ይችላል። ልጁ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ይስጠውና ያስነብበው፤ ከዚያ መጽሐፉን አስከድኖ ስለ ምን እንደሚያወራ ይጠይቀው። የተሸመደደ ገጽ አያገለግልም፤ በቃሉ የያዘውን እያነበበ የሚመስል ልጅ ብዙ ነውና። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቢሆን ታሪኩን ማዳመጥና መጠየቅ አያቅተውም።

«ዋናው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው፣ ሌላው ማሟያ ነው» የሚለውም በሰፊው የታመነ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራል። 7ኛ ክፍል ሲደርስ ጠቅላላ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ዜግነትና የሙያ ትምህርት ይመጣሉ። ወላጅ ማወቅ ያለበት እነዚህ ስሞች ይለያዩ እንጂ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ነው። የሒሳቡን የቃላት ጥያቄ አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መደመር ቢያውቅም ይሳሳታል። መዝሙርና ሥዕልም ቢሆን ለሕፃን ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በዜማ ድምፅን ከድምፅ መለየት የለመደ ጆሮ ፊደል ሲቆጥር ይጠቅመዋል፣ መስመር ያሰመረ እጅም ሲጽፍ አይደክምም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። «በቤንችኛ ወይም በሸክኛ መማር ልጁን ወደ ኋላ ያስቀረዋል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ይበቃዋል» ይባላል። ይህን የሚሉት ቋንቋቸውን የሚወዱ ወላጆች ጭምር ናቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ስህተቱ የልጅ አእምሮ እንደ ጆንያ አንዱ ሲገባ ለሌላው ቦታ የሚጠፋበት አድርጎ ማሰቡ ነው። ልጅ ማንበብን የሚለምደው አንድ ጊዜ ነው። በሚገባው ቋንቋ «ይህ ምልክት ይህን ድምፅ ይወክላል» የሚለው ሐሳብ ከገባው፣ ሁለተኛው ፊደል ሲመጣ ከዜሮ አይጀምርም። ቤንችኛና ካፊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ እዚያ ያወቃቸውን ፊደሎች እንግሊዝኛው ላይ መልሶ ያገኛቸዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር በማስተማሪያ ቋንቋ ላይ ያስጠናው ጥናትም የተለመደውን እምነት አይደግፍም። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች 8ኛ ክፍል ላይ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። አካባቢያችን በነበረበት በቀድሞው ደቡብ ክልል ግን ማስተማሪያው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ዑደት በማይሰማው ቋንቋ እንዲማር ማድረግ እንግሊዝኛውንም ሳይንሱንም ያሳጣዋል።

ችግር የለም ማለቴ አይደለም። በከተማ አንድ ክፍል ውስጥ የቤንች፣ የሸኮ፣ የካፋ፣ የአማራና የኦሮሞ ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በቤንችኛ ደግሞ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ብቻ የቃሉን ፍቺ ይለውጠዋል፤ ቋንቋውን የማይናገር መምህር በዚህ ቋንቋ ንባብ ላስተምር ቢል አይሳካለትም። ጥያቄያችን መሆን ያለበት መምህሩና መጽሐፉ ስለ መኖራቸው ነው።

ሒሳብ ላይ ደግሞ «በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ሰነፍ ነው» ተብሎ እጁ የሚመታ ልጅ አለ። ጣት ለጀማሪ የመጀመሪያው መቁጠሪያ ነው፤ ቁጥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይተወዋል። ቀድሞ የተከለከለ ልጅ መልሱን በግምት መጥራት ይለምዳል። በዚህ አገር ደግሞ ከጣት ቀጥሎ የሚመጣ የታወቀ መለኪያ አለ፦ ፈረሱላ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አባቱ 3 ፈረሱላ ከ8 ኪሎ ጀንፈል ሲሸጥ አጠገቡ የቆመ የ4ኛ ክፍል ልጅ 17ን በ3 አባዝቶ 8 ይደምርና 59 ኪሎ ይላል። ከዚያ የኪሎውን ዋጋ ያባዛል። ነጋዴው የተናገረውን ሒሳብ ልጁ ካረጋገጠው፣ ማባዛት ለምን እንደሚጠቅም ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። እሸት ቡና ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ ሲያልቅ ከ5 እስከ 6 ኪሎው አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ያህል ይሰጣል፤ ጥምርታን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

«ጓሮ ያለው ነገር ትምህርት አይሆንም» የሚባለው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአካባቢ ሳይንስ የተቀረጸው ግን ልጁ ከሚያየው ተነስቶ እንዲማር ነው። የቡናው ጥላ ዛፍ ለምን እንደማይቆረጥ፣ ኮረሪማ ለምን ጥላ እንደሚወድ፣ ቡናው ሲያብብ ንቦች ምን እንደሚሠሩ የሚጠይቅ ልጅ ሳይንስ ጀምሯል። ዩኔስኮ የሸካን ደን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካፋን ደግሞ በ2010 ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበው የአካባቢያችን ልጆች በየቀኑ የሚያቋርጡትን ደን ነው።

ቡናን ያገኘው ካልዲ የተባለ የፍየል እረኛ ነው የሚለውን ደግሞ ብዙ ልጅ እንደ ታሪክ ይማረዋል። እረኛውና ስለማይተኙት እንስሶቹ የሚያወራው ተረት በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በታተመ መጽሐፍ ነው፤ «ካልዲ» የሚለው ስምም እዚያ የለም፣ በኋላ የተጨመረ ነው። ተረቱ ይነገር፣ ደስ ይላልና። መምህሩ ግን «ቡና ከዚህ መነሳቱን እንዴት አወቅን?» ብሎ ይጠይቅና፣ የአረቢካ ቡና ከፍተኛው የዘር ብዝኃነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መገኘቱ መነሻውን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሆነ ያስረዳ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ፣ ቀጥሎም በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2004 በቡና ውድድር ዓለምን አስደንቋል። ይህን ጉዞ ካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ልጅ አህጉሮቹን ለመሸምደድ አይቸገርም።

የመጨረሻው እምነት «በቡና ለቀማ ሰሞን ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቀር ምን አለበት፣ በኋላ ይደርስበታል» የሚለው ነው። ለቀማው የሚደርሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ 1ኛ ክፍል ፊደል የሚቆጠረውና ቁጥር የሚጀመረውም ያኔ ነው። ሳምንታቱ ወደ ወራት ተራዝመውበት ከታላላቆቹ ጋር እሸት ሲለቅም የከረመ የሰባት ዓመት ልጅ ጥር ላይ ሲመለስ፣ ክፍሉ ቃል እያነበበ እሱ ገና ፊደል ይለያል። ያኔ መገልበጥ ይጀምራል፤ ደብተሩም ይሞላል። የቤቱ ገቢ በቡናው ላይ መቆሙን አውቃለሁ፤ ሰው ቢጠፋ እንኳ ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ ቅዳሜና እሑድ ይርዳ፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍሉ ግን አይቅር። በጥቅምትና በኅዳር ያመለጠውን የሚያካክስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንዲኖርም ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል ርእሰ መምህሩን አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ለቀማው ከተጀመረ በኋላ ለስብሰባ የሚመጣ ሰው አይገኝም።