«ተወዳጅ» ማለት ምን ማለት ነው?

ተጠሪ ለመምረጥ በተሰበሰብን ቁጥር «እገሌን እንምረጥ፤ ተወዳጅ ነው» የሚል ድጋፍ ይሰማል። ቃሉ ድምፅ የሚያሰጥ ከሆነ ዘንድ ትርጉሙንና አመጣጡን መመርመር ይገባናል።

የቃሉ መነሻ «ወደደ» የሚለው ግሥ ነው። የከፈተ «ከፋች»፣ የወሰደ «ወሳጅ» እንደሚባል ሁሉ፣ የወደደም «ወዳጅ» ይባላል፤ የመጨረሻው «ደ» ወደ «ጅ» ተለውጧል። እንግዲህ ወዳጅ ማለት በመሠረቱ የሚወድ ሰው ማለት ነው። ከፊቱ «ተ» ሲጨመር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ «ተወዳጅ» ሌሎች የሚወዱት ሰው ይሆናል። ዐረብኛም የዚሁ ሥር ዘመድ አለው፤ ከአላህ ስሞች አንዱ የሆነው «አል ወዱድ» አፍቃሪ ማለት ነው።

ወደ ሞጆ ገበያ ብንወርድ ይኸው ግሥ በሌላ መልኩ ያጋጥመናል፤ «ጤፍ ተወደደ» ይባላል። ጤፉ ራሱን አላስወደደም፤ ፈላጊው ቢበዛ፣ አቅርቦቱ ቢያንስ ተወደደ እንጂ።

በዚያው ገበያ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በኦሮምኛ «ጃለቹ» መውደድ፣ «ጃለተሙ» መወደድ፣ «ጃለተማ» ደግሞ ተወዳጅ ነው። አማርኛ «ተ»ን ከፊት ሲያስቀድም፣ ኦሮምኛ «አም» የሚለውን ድምፅ ከግሡ ሥር በኋላ ያስገባል። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ ተወዳጅነት ሌሎች የሚሰጡን እንጂ እኛ የምንሠራው ሥራ አይደለም። በእጃችን ያለው ወዳጅ መሆን ብቻ ነው።

ከዚሁ ግሥ የወጣ «ወዳድ» የሚል ሌላ ቃልም አለን። ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይቆምም፤ የሚወደደውን ነገር ከፊቱ ይጠራል። አገር ወዳድ፣ ሰላም ወዳድ፣ ሥልጣን ወዳድ፣ ራስ ወዳድ እንላለን።

ታዲያ «ተወዳጅ ነው» ሲባል የሰማነው ስለ መራጮቹ ስሜት ነው፤ ስለ ተመራጩ ጠባይ ገና አልተነገረንም። ጨዋታ አዋቂና ፈገግታው የማይጠፋ ሰው፣ የተማሪውን አቤቱታ ይዞ ቢሮ መግባት ሲያስፈልግ ቅያሜ ፈርቶ ሊሸሽ ይችላል። የተማሪ ወዳጅ የሆነ ግን፣ ለጊዜው ባይወደድም፣ በሩን ያንኳኳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «ተወዳጅ ነው» የሚል ድምፅ ስንሰማ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ እሱስ የምን ወዳድ ነው?