የተፋቀ ካርድ ገንዘብ ነው

ለዕረፍት ወደየቤታችን ለመሄድ ጥቂት ቀን ስለቀረን፣ በዛሬው ጽሑፋችን አረጋውያን ወላጆቻችን በስልክ የሚታለሉበትን መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ይጮኻል። «እማማ፣ ከቴሌ ነው፤ ዕጣ ወጥቶልዎታል» ይላል ትሑት ድምፅ። ሽልማቱ እንዲላክ አራት አምስት ባለመቶ ብር ካርድ ገዝተው፣ ፍቀው፣ ቁጥሩን እንዲያነቡለት ይጠይቃል። ቁጥሩን እንደሰማ በ*805* ወደ ራሱ ስልክ ይሞላዋል፤ ከዚያም ለሌላ ሰው አስተላልፎ ይሸጠዋል። ወረቀቱ በእማማ እጅ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ይህን ለማስረዳት ይጁቤ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የባሶ ገበያ የጎጃም ነጋዴ ከዓባይ ማዶ ነጋዴ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። አሞሌ ከእጅ ካልወጣ ባለቤቱ አይከስርም። የካርድ ቁጥር ግን በአፍ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን በዚህ በኩል ቢነገራቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘዴ ታክሏል። «በስሕተት 3 ሺህ ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይባላል፤ የሐሰት መልእክትም ይከተላል። መልእክቱን ከማመን በፊት በ*127# ገብቶ የራስን ሒሳብ ማየት ነው። የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይማ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ሌባ ነው።

በአሜሪካም ሽማግሌዎችን «ግብር አልከፈላችሁም፣ ልትታሰሩ ነው» እያሉ የስጦታ ካርድ አስገዝተው ቁጥሩን ይቀበላሉ። እዚያ በማስፈራራት፣ እዚህ በዕድል፤ ጥድፊያው ግን አንድ ነው።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ቀዳዳ አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰው እያናገረ ስልክ መዝጋት ለእናቶቻችን ነውር ነው። ስለዚህ «ዝጊው» ከማለት ይልቅ የሚሉትን ቃል ብንሰጣቸው ይሻላል፤ «ልጄን ጠይቄ እነግርሃለሁ»። ታዲያ ሲደውሉልን ማንሳት አለብና! እኛው እንደ ሌባው ሆነን እየደወልን ሁለት ሦስት ጊዜ ብናለማምዳቸው ደግሞ ከረጅም ንግግር ይበልጣል። ለመምህር ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የተታለለን መቆጣት አይገባም። የተቆጣነው ሰው ሁለተኛ አይነግረንም፤ ሌባው ግን «ገንዘብዎን እናስመልስልዎ» ብሎ እንደገና ይደውላል።

ካርዱ ገና ካልተሞላ በፍጥነት በራስ ስልክ መሙላት ነው። ከሄደ የደወለውን ቁጥር መያዝ፣ መልእክቱን አለማጥፋት፣ ለቴሌብር 127፣ ለካርድ 994 ደውሎ ማስታወቅ፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ። አታላይነት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ ገንዘቡ መመለሱ ግን ብዙ አያስተማምንም። ለዚህ ነው ከባለሱቆችም ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው። አምስት ካርድ ባንድ ጊዜ የሚገዙ ሽማግሌ ሲመጡ «ለማን ነው አባባ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ ቢኖር፣ ካርዱ ሳይፋቅ ይቀራል።