ከዘንጉ በፊት ውኃው፦ በጅግጅጋ አካባቢ በመንጠቆ ዓሣ ማስገርን ስለ መጀመር

በመንጠቆ ዓሣ ማስገርን ለጀማሪ የሚያስተምሩ የውጭ አገር መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ባስ ከተባለው ዓሣ ነው። ባለ ትልቅ አፉ ባስ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ በሐይቅና በግድብ ዳር ከውኃ ዕፅና ከወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ በዓይኑ እያየ ይይዛል። የመመሪያዎቹም ምክር ከዚህ ጠባይ የተቀዳ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ማታለያ፣ ወደ ዕፁ ጥግ የሚወረወር ክር፣ የንጋትና የምሽት ሰዓት። ይህን ምክር ይዞ ከጅግጅጋ የሚወጣ ጀማሪ ግን የሚቸግረው ዘንግና መንጠቆ ሳይሆን በበጋ የማይደርቅ ውኃ ማግኘት ነው።

የጀረር ወንዝ የሚፈሰው በዝናብ ወራት ነው። ጀረር የሚቀላቀለው የፋፈን ወንዝም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ዋቢ ሸበሌ የሚደርሰው ከባድ ጎርፍ ሲኖር ብቻ ነው። የሰሜኑ ሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ዓመቱን የሚከፍለውም በዝናቡ መምጣትና መሄድ ነው፤ ከመጋቢት ገደማ የሚጀምረው ድራዕ፣ በክረምቱ የሚዘንበው ከረን፣ ከዚያም ረጅሙ በጋ ጅላል። በሐርሺንና በአካባቢው ደግሞ ሰውም ከብትም የሚጠጣው በብርካና በተቆፈረ ኩሬ ከተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። ብርካ ባለቤት ያለው የመጠጥ ውኃ ማከማቻ በመሆኑ መንጠቆ ይዞ ወደ እርሱ መቅረብ ነውር ነው። ለአስጋሪው የሚቀሩለት ጎርፉ ሲጎድል በወንዙ ወለል ላይ የሚቀሩ ኩሬዎች ናቸው።

በእንዲህ ያለ ውኃ ለጀማሪ የሚስማማው አምባዛ ነው። በዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ የሚገኘው ይህ ቅርፊት የለሽ ዓሣ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሌሎች ዓሦች ሲሞቱ ይተርፋል። ይኸው ጠባዩ ያጋልጠዋል። አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ስለሚል፣ ከኩሬው ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በውኃው ፊት ላይ የሚሰፋውን ክብ ሞገድ አይቶ መኖሩን ያውቃል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ምንም ካልታየ ወደ ሌላ ኩሬ መሄድ ይሻላል።

የቀረው ዘዴ የባስ ተቃራኒ ነው። ጎርፍ ያመጣው ውኃ ጭቃማ ስለሆነ የሚያብረቀርቀው ማታለያ አይታይም። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተትና በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ጢሞች እየዳሰሰ፣ ይልቁንም በሌሊት ነው። ስለዚህ ሽታ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ የምድር ትል፣ ጉበት ወይም የዶሮ አንጀት፣ በጠንካራ መንጠቆ ተሰክቶ በትንሽ የእርሳስ ክብደት እስከ ወለሉ ይወርዳል። ለመጀመሪያው ቀን ዘንግ እንኳ አያስፈልግም፤ በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ክር ይበቃል። ክሩ ገና ሲንቀጠቀጥ መሳብ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ዓሣው ምግቡን ቀማምሶ ይዞ ሲሄድና ክሩ ሲወጠር መሳብ ይገባል። በደረቱ ክንፎች ላይ ያለው እሾኽ እጅ ስለሚወጋ ዓሣው ሲነሣ ጥንቃቄ ያሻል። ቀንድ አውጣ ባለበት የረጋ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል ገብቶ መቆምም አይመከርም።

የተያዘውን ለጎረቤት ከመስጠት በፊት መጠየቅ ይበጃል። በ1854 እና 1855 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ወደ ሐረር የተጓዘው ሪቻርድ በርተን በግመልና በከብት የሚኖሩት ሶማሌዎች ዓሣ በላን እንደሚንቁ ጽፏል፤ ዓሣ ከባሕር ዳርቻው ርቆ የዕለት ምግብ ሆኖ አልኖረም።

ኩሬዎችና አነስተኛ ግድቦች በበዙ ቁጥር ባስን ወይም ሌላ የውጭ ዓሣ ለምን አንጨምርም የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ባስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ማስገር ሲባል ወደ ሐይቁ ገባ፤ የሐይቁ ብቸኛ ነባር የነበረው ትንሽ ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለመጥፋቱ በዋናነት የሚጠቀሰው የባስ አዳኝነት ነው። ኩሬ የተዘጋ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ከባድ ጎርፍ በኩሬ ያለውን ዓሣ ወደ ፋፈን፣ ከዚያም ወደ ዋቢ ሸበሌ ሊያደርሰው ይችላል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ እያለ፣ ዓሣ ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የክልሉን መሥሪያ ቤት ማማከር አለበት።

በማታለያ ማስገር የሚፈልግ ሰው ባስን ከማስመጣት ይልቅ ወደ ጣና ቢጓዝ ይሻለዋል። በዚያ ካሉት 15 ትልልቅ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ መያዛቸው ቁጥራቸውን ክፉኛ አሳንሷል። የጀረርና የፋፈን ኩሬዎችም ይህን በትንሹ ሊደግሙ ይችላሉ። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው ዝናቡ ውኃውን ወደ ሣሩ ሲያሰፋው ነው፤ ለመያዝ የሚቀለው ደግሞ በጅላል መጨረሻ፣ ኩሬው ሲጠብብና ዓሣው ሲጨናነቅ ነው። በዚያን ጊዜ በኩሬው የቀሩት ጥቂቶች የመጪው ድራዕ ወላጆች ስለሆኑ፣ ለጀማሪ የሚመከረው ወቅት ከከረን በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ ውኃው ሰፊ፣ ዓሣውም ለመያዝ አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜ ነው።